ከመውደቁ በፊት ያሉት አራት ሰከንዶች፦ የአንድ የድሬዳዋ ሞተረኛ ጉዳይ

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ድሬዳዋ ውስጥ ሞተረኛ መውደቁ አዲስ ነገር አይደለም። ይህ ጉዳይ እንዲመዘገብ ያደረገው ሰውየው ከወደቀ በኋላ የሠራው ሥራ ነው። ጥፋቱ የሌላ ሰው መሆኑ ተረጋግጦለት፣ የተሰበረበትም ተጠግኖለት ሳለ የራሱን ስህተት ሊፈልግ ተመልሶ ወደ ቦታው ሄደ። እዚያ ያገኘውና ከዚያ በኋላ ለወራት የሞከረው ነገር፣ የተሳካውም ያልተሳካውም፣ ከነዝርዝሩ ከዚህ በታች ሰፍሯል። የማንም ስም አልተጠቀሰም።

ሰውየው፣ ሞተሩና መንገዱ

ሞተረኛው በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ፣ የመኪና መለዋወጫ ከሱቅ ወደ ጋራዥ የሚያደርስ ሠራተኛ ነው። መንጃ ፈቃድ አለው፤ ከመውደቁ በፊት አራት ዓመት ነድቷል። ውሎው በከዚራ፣ በመጋላና በሳቢያን ሰፈሮች መካከል ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን በደንገጎ ዳገት በኩል ሐረር ይወጣል። ሞተሩ 150 ሲሲ ሲሆን ከፊትም ከኋላም የታምቡር ፍሬን (ሸራው ከውስጥ እየተከፈተ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ታምቡር የሚይዝበት) ያለው ነው። የኋላ መጫኛው ላይ በላስቲክ የሚታሰር ካርቶን አይጠፋም፤ በወደቀበት ዕለት የጫነው 30 ኪሎ ይሆናል።

ቦታው የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ወደ መጋላ የሚገባው መንገድ ነው። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ ለማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሲሞላ ምን እንደሚያደርግ የ1998 ዓ.ም. ክረምትን ጎርፍ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ሞተረኛን በየቀኑ የሚያሳስበው ግን አሸዋው ነው። ከወንዙ አሸዋ የሚጭኑ መኪኖች በየመታጠፊያው ያፈሳሉ፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ከየመንደሩ የሚወርደው ደለል አስፋልቱ ላይ ይደርቃል። የመኪኖቹ ጎማ የሚሄድበትን መስመር ይጠርገዋል። የተጠረገው አሸዋ በሁለቱ የጎማ መስመሮች መካከልና ዳር ዳሩን ይጠራቀማል፤ ሞተረኛ ለመቅደም ሲወጣ ወይም ጠርዝ ሲይዝ የሚገባው እዚያው ላይ ነው።

በዚህ ላይ ባጃጁ አለ። የድሬ ባጃጅ ተሳፋሪ በጠራው ቦታ ይቆማል፤ የተጠራው ከመንገዱ ማዶ ከሆነ ደግሞ እዚያው ይዞራል። ከቀትር በኋላ ከተማው ጋደም ይልና ከ10 ሰዓት ጀምሮ እንደገና ይነሣል። በዚያ ሰዓት ሱቁ ይከፈታል፣ ሰው ይወጣል፣ ባጃጁም ተሳፋሪ ፍለጋ ይሯሯጣል። አደጋው የደረሰው 10 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር።

የወደቀበት ዕለት

ሞተረኛው አንድ ባጃጅ ተከትሎ ይሄድ ነበር። ባጃጁ ቀስ ሲል ለመቅደም ወደ ግራ ወጣ። በዚያው ቅጽበት ባጃጁ ያለ ፍሬቻ ወደ ግራ ዞረ። ሞተረኛው ያለ የሌለ ኃይሉን በቀኝ እግሩ የኋላ ፍሬን ላይ አሳረፈ። የኋላው ጎማ አሸዋው ላይ ተቆለፈና ወደ ቀኝ ሸሸ፤ ሞተሩ በግራ ጎኑ ተኛ፤ እየተንሸራተተም ሄዶ መሪው ከባጃጁ የኋላ ጎማ ጋር ተላተመ።

አጥንት አልተሰበረም። የግራ ክርኑና መዳፉ ተላጠ፣ የእጁ አንጓ ወለም አለው፣ ሸበጥ ተጫምቶ ስለነበር የእግሩ አውራ ጣት ተተረተረ። ሄልሜት አድርጎ ነበር፤ ማሰሪያውን ግን በሙቀቱ ምክንያት አልቆለፈውም። ሲወድቅ ሄልሜቱ ከራሱ ወልቆ ወደ ቦዩ ተንከባለለ፤ ራሱ አስፋልቱን ያልመታው በዕድል ነው። ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ ሄልሜት የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ፣ ሞትን ደግሞ በ42 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። ይህ ግን ራስ ላይ ለሚቆይ ሄልሜት ነው። ማሰሪያው ከአገጭ ሥር ሁለት ጣት ብቻ እስኪያስገባ መጥበቅ አለበት። ከታሰረ በኋላ ከኋላ በኩል ወደ ፊት ሲገፉት ከወለቀ ወይ ሰፊ ነው ወይ በደንብ አልታሰረም።

የሁለት ሳምንት ክርክር

ትራፊክ ፖሊስ መጣ፤ ምስክር ተገኘ፤ ጥፋቱ የባለ ባጃጁ ሆነ። ባለ ባጃጁም «ዋሪያ፣ አላየሁህም አቦ!» ከማለት በቀር አልተከራከረም። የተሰበረውን ስፖኪዮና ፍሬቻ ከፈለ፤ በሰላም ተለያዩ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሞተረኛው ለጠየቀው ሁሉ የሚያወራው ስለ ባጃጁ ነበር። ያወራው ሁሉ እውነት ነው፤ አነዳዱን ግን በአንዲት ነገር እንኳ አልለወጠውም። በ13ኛው ቀን ወደ ሳቢያን ሲሄድ ሌላ ባጃጅ ልክ እንደዚያው ዞረበትና ለጥቂት ተረፈ። ሁለቱ ባለ ባጃጆች አይተዋወቁም፤ መንገዱም ሰዓቱም የተለያየ ነው። በሁለቱም ቦታ የነበረው እሱ ብቻ መሆኑን ያስተዋለው ያን ቀን ነው።

ብዙ ሞተረኛ የሚቀረው እዚህ ጋ ነው። «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ለፖሊስ፣ ለመድንና ለሽምግልና ያስፈልጋል፤ መልስም አለው። «ምን ባይ ኖሮ አልወድቅም ነበር?» የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ የመጀመሪያው ተመለሰ ማለት ይኸኛው ተመለሰ ማለት አይደለም። ሁለተኛውን መጠየቅም ባለ ባጃጁን ነፃ አያወጣውም። ሞተረኛው ሁለቱን መለየት ባይችል ኖሮ ቀጥሎ ያለው ሁሉ አይደረግም ነበር።

ቦታው ላይ ተመልሶ መቆም

በሚቀጥለው እሑድ፣ በዚያው ሰዓት፣ ከአንድ ጓደኛው ጋር በእግሩ ሄደ። የጎማው ምልክት ጠፍቷል። የእግር መርገጫው ብረት አስፋልቱን የጫረበት ነጭ መስመር ግን አለ፤ ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል፣ መጨረሻው ላይ ወደ ግራ የታጠፈ። ከዚያ ተነሥተው በእርምጃ ለኩ። ባጃጁ መዞር ሲጀምር ሞተረኛው አንድ የሱቅ መጋረጃ አጠገብ እንደነበረ ያስታውሳል፤ ከዚያ እስከ ባጃጁ 20 ሜትር ያህል ሆነ። ፍጥነቱ፣ ቆጣሪውን ሲያስታውሰው፣ በ40 እና በ50 መካከል ነበር፤ 45 ብለው ያዙት።

ሂሳቡ ይህን ይመስላል። በ45 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሞተር በሰከንድ 12.5 ሜትር ይሄዳል። ሰው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ይፈጅበታል ብንል፣ ፍሬኑ ሥራ ሳይጀምር 12.5 ሜትር አለቀ፤ የቀረው 7.5 ሜትር ነው። በደረቅ አስፋልት ሁለቱንም ፍሬን በደንብ የያዘ ሞተር በዚህ ፍጥነት ለመቆም 13 ሜትር ገደማ ይፈልጋል፤ የኋላውን ብቻ የያዘ ደግሞ 26 ሜትር ገደማ። ስለዚህ በ45 ሲሄድ በየትኛውም ፍሬን ቢይዝ ከመድረሱ በፊት አይቆምም ነበር። በ30 ቢሆን ግን ለማሰቢያው 8.3 ሜትር፣ በሁለቱም ፍሬን ለማቆሚያው 5.8 ሜትር፣ በድምሩ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ስድስት ሜትር ይተርፈዋል። በ30ም ሆኖ የኋላውን ብቻ ቢይዝ ድምሩ 19.9 ሜትር ይመጣል፤ ማለትም ባጃጁን ሊነካ ጫፍ ላይ ይቆማል።

ይህ ሁሉ አሸዋ የሌለበት አስፋልት ላይ ነው። ሞተረኛው የያዘው መስመር ላይ ግን አሸዋ ነበር።

ከዚያ ወደ ኋላ 50 ሜትር ተመለሱ፤ በ45 ፍጥነት አራት ሰከንድ የሚፈጀው ርቀት ነው። እዚያ ቆመው የሚመጡትን ባጃጆች ተመለከቱ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ አራት ባጃጆች በዚያው ቦታ ዞሩ፤ አንዳቸውም አስቀድሞ ምልክት ሳያሳዩ አልዞሩም። ከግራ በኩል፣ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር፣ አንድ ሰው እጁን ያነሣል። ባጃጁ ቀስ ይልና ወደ መሀል መስመር ይጠጋል። የሹፌሩ ራስ ወደ ግራ ይዞራል። ከዚያ የፊት ጎማው ይታጠፋል። አካሉ የሚዞረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ፍሬቻ ያበራው ከአራቱ አንዱ ብቻ ነበር፤ የፊት ጎማው ግን የአራቱንም አሳብ ቀድሞ ተናግሯል።

ሞተረኛው ባጃጁ ቀስ ማለቱን አይቶ ነበር። የተረጎመው ግን «አሁን ልቅደመው» ብሎ ነው። ባጃጅ ቀስ ሲል የሚቀድም ሞተረኛ ሊዞር ካለ ባጃጅ ጎን የሚገባው ራሱ ነው፤ ስህተቱም እዚህ ጋ ተገኘ። ፍሬኑ፣ አሸዋውና ሄልሜቱ ከዚህ በኋላ የመጡ ናቸው።

ሞተሩ ሲፈተሽ

መካኒኩ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። የፊት ጎማውን አውርደው የፍሬን ሸራውን አወጡና ከኋላው ሸራ አጠገብ አስቀመጡት። የኋላው አልቆ ከመለኪያ ምልክቱ አልፏል። የፊተኛው ውፍረቱ እንደ አዲስ ነው፤ ፊቱ ግን አቧራ ጠጥቶ እንደ መስተዋት ያብለጨልጫል።

«አንተ ልጅ፣ የፊቱን ፍሬን አትይዘውም?» አሉት።

«ጋሼ፣ ይገለብጣል ሲሉኝ ነው የተማርኩት።»

«የሚገለብጠው በድንገት ቀጭ ሲያደርጉት ነው። ባትይዘው ደግሞ አትቆምም።»

«የፊቱ ፍሬን ይገለብጣል» የሚለው አባባል በሰፈር ሞተር ከሚማር ልጅ ሁሉ አፍ ይሰማል፤ ዋጋውም ከባድ ነው። ሞተር ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላ ጎማ ይቀልላል፣ የፊት ጎማ መሬቱን ይጫናል። በደረቅ አስፋልት ከማቆም ኃይሉ 70 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከፊት ነው። በካሊፎርኒያ በሃሪ ኸርት መሪነት 900 የሞተር አደጋዎችን የመረመረውና እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመው ጥናትም ያገኘው ይህንኑ ነው፤ ሞተረኞች በጭንቅ ሰዓት የኋላውን ከመጠን በላይ ረግጠው ያንሸራትታሉ፣ የፊተኛውን ግን በቂ አይዙም። ያው ጥናት አብዛኛው ሞተረኛ አደጋውን ካየ በኋላ የሚቀረው ጊዜ ከሁለት ሰከንድ በታች መሆኑን አሳይቷል። በሁለት ሰከንድ ውስጥ እጅ የሚሠራው የለመደውን ብቻ ነው።

የተደረገው ጥገና ይኸው ነው። የኋላው ሸራ በጥንዱ ተቀየረ። የፊተኛው በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ብልጭታው እስኪጠፋ ተፈገፈገ፤ ታምቡሩ በእርጥብ ጨርቅ ተጠረገ። አቧራውን በአፍ ወይም በኮምፕሬሰር መንፋት ለሳንባ ጠንቅ ነው። የፊት ፍሬን ካቦው ደርቆ ዝጎ ስለነበር ተለወጠ። ሸራውን የሚከፍተው ዘንግ ስስ ግሪስ ተቀባ፤ በዛ ካለ ሙቀት ያቀልጠውና ሸራው ላይ ይፈሳል፣ ያን ጊዜ ፍሬን የለም። በመጨረሻ ጎማውን በአየር ላይ እያሽከረከሩ አስተካከሉት፤ ማንሻው ሲለቀቅ ጎማው በነፃ መዞር፣ ማንሻው ትንሽ ሲሳብ ደግሞ መያዝ መጀመር አለበት። አዲስ ሸራ ታምቡሩን እስኪለምድ ድረስ በሙሉ ኃይል አይታመንም፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቀለል እያደረጉ መያዝ ነው።

የጎማው ንፋስም ሲለካ የፊቱ 34፣ የኋላው 17 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ሆኖ ተገኘ። ጎሚስታው በእጁ እየተጫነ ነበር የሚሞላለት። ለዚህ ሞተር የሚመከረው ፊት 25፣ ኋላ ለብቻ 28፣ ሰው ሲፈናጠጥ ወይም ከባድ ጭነት ሲኖር 32 ነው። የኋላ ጎማ በ17 ሲሆን ሞተሩ ጭነት ይዞ ይዋዥቃል፤ ፊቱ በ34 ሲሆን አስፋልቱን የሚነካው ክፍል ያንሳል። ሞተረኛው የኪስ መለኪያ ገዝቶ በየሰኞው ጠዋት ከመነሣቱ በፊት ይለካል። ለድሬ ሙቀት ይህ ልብ ሊባል ይገባል፦ ቀን የተነዳ ጎማ ይግልና ከእውነቱ በላይ ያሳያል፤ በግለቱ ለክቶ «በዝቷል» ብሎ የሚያስተነፍስ ሰው በማግሥቱ ጠዋት ያነሰ ጎማ ይዞ ይወጣል።

ደብተሩ

ሞተረኛው ከዚያ በኋላ ለስድስት ሳምንት አንድ ሥራ ሠራ፤ ለጥቂት የተረፈበትን ሁሉ ጻፈ። መውደቅ በዓመት አንዴ ቢመጣ ነው፤ ለጥቂት መትረፍ ግን በየቀኑ አለ፣ ትምህርቱም ያው ነው። የሚመዘገበው ምን እንደሆነ በአንድ መለኪያ ተወሰነ፦ ያላሰበውን ፍሬን የያዘበት ወይም መሪ የጠመዘዘበት ሁሉ ይጻፋል። «ደንግጫለሁ ወይስ አልደነገጥኩም?» ብሎ መከራከር የለም፤ ሳያስበው ፍሬን ከያዘ ተጻፈ።

እያንዳንዱ ግቤት አራት ነገር ይይዛል፦ ሰዓትና ቦታ፣ ምን ሆነ፣ መቼ አየሁት፣ ቀድሜ ምን ማየት እችል ነበር። አራተኛው ላይ «ምንም» ብሎ መጻፍ ይፈቀዳል፤ ግን ቦታው ላይ ቆሞ ካየ በኋላ ብቻ። ከግቤቶቹ ሁለቱ እንዲህ ይላሉ፦

«11 ሰዓት ከሩብ፣ ከመጋላ ወደ ከዚራ። ሚኒባስ ድንገት ቆመ። ፍሬን መብራቱን ነው ያየሁት። ቀድሜ፦ ረዳቱ በሩን ከፍቶ አንድ እግሩን አውጥቶ ነበር።»

«6 ሰዓት ተኩል፣ የጫት መኪና ከኋላ ክላክስ እያደረገ መጣ። ዳር ስይዝ አሸዋ ገባሁ፣ ፊቱ ዋዠቀ። ቀድሜ፦ በስፖኪዮ ማየት እችል ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ስፖኪዮ ያየሁት መቼ እንደሆነ አላስታውስም።»

በስድስት ሳምንት 31 ግቤት ሆነ። ባጃጅ የተነሣባቸው 14 ናቸው። በጣም ተጠግቶ በመከተል 7፣ በአሸዋና በፈሰሰ ዘይት 5፣ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታ 3፣ ፍየል መንገድ ሲያቋርጥ 2። አራተኛው ጥያቄ ላይ «ምንም» የተጻፈው ሦስት ቦታ ብቻ ነው።

ያልተጠበቀ ነገርም ወጣ። ግቤቶቹ ተሰብስበው የተገኙት በቀኑ ሁለት ክፍለ ጊዜዎች ላይ ነው፦ ጫት ከአወዳይ በሚገባበት ቀትር አካባቢና ከ10 እስከ 12 ሰዓት ማታ። መጀመሪያ «መንገዱ ስለሚጨናነቅ ነው» ብሎ አለፈው። ደብተሩን ደግሞ ሲያገላብጠው ግን በእነዚያ ሰዓቶች የሚቸኩለው ራሱም ነበር፤ ጋራዦቹ ከምሳ በፊትና ከመዝጋታቸው በፊት ዕቃ ይፈልጋሉ። ከአሠሪው ጋር ተነጋግሮ የሳቢያኑን ማድረስ ወደ ጠዋት 3 ሰዓት አዛወረው። ከሁሉም እርምጃ ርካሹ ይህ ነበር፤ ከደብተሩ በቀር ሊያሳየው የሚችል ነገር አልነበረም።

የፍሬን ልምምድ

ልምምዱ እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ መኪና በማያልፍበት ሰፊ የአስፋልት ግቢ ውስጥ ተደረገ። መጀመሪያ መሬቱ በመጥረጊያ ተጠረገ፤ ይህ ሳይደረግ የተጀመረ ልምምድ ራሱ አደጋ ነው። ሄልሜት ታስሮ፣ ጓንት፣ ረጅም ሱሪና ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ተደርጎ፣ ያለ ጭነት። መሬት ላይ በጠመኔ መስመር ተሰመረ፤ ፍሬን የሚያዘው የፊት ጎማው መስመሩን ሲነካ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የፊቱ ፍሬን ብቻ፣ አሥር ጊዜ። አያያዙ በሁለት ደረጃ ነው፦ መጀመሪያ ማንሻውን ነካ አድርጎ የፊቱ ሞላ እስኪወርድ መጠበቅ፣ ከዚያ እየጨመሩ መጭመቅ። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ዓይን ጨፍኖ እንደመግለጥ ነው፤ ግን መኖር አለበት። የሞተሩ ክብደት ወደ ፊት ሳይሄድ በአንዴ ቀጭ የተደረገ የፊት ጎማ ይቆለፋል፤ ክብደቱ ከሄደ በኋላ የተጨመቀ ግን መሬቱን ይነክሳል። መሪው ቀጥ ያለ መሆን አለበት፤ ዓይን ከፊት ጎማው ላይ ተነሥቶ ወደ ሩቅ ይመለከታል፤ ጉልበት ታንኩን ይጨብጣል እንጂ እጅ የሰውነትን ክብደት አይሸከምም።

ሁለተኛው ሳምንት ሁለቱም ፍሬን በ30፤ ሦስተኛው በ40። የኋላው ከተቆለፈ መሪውን ቀጥ አድርጎ ቀስ ብሎ መልቀቅ፤ የፊቱ ከተቆለፈ ወዲያው ለቆ እንደገና መያዝ። ክላች የሚያዘው ሊቆም ሲል ነው፤ ሞተረኛው መጀመሪያ ላይ ክላቹን ከፍሬኑ ጋር አንድ ላይ ይይዝ ስለነበር የሞተሩን የማቆም ኃይል ያጣ ነበር።

በ30 ፍጥነት የኋላውን ብቻ ሲይዝ 12 ሜትር ገደማ ሄደ። በሁለቱም፣ የመጀመሪያው ቀን 8 ሜትር፣ በሦስተኛው ሳምንት 6 ሜትር። በ40 ደግሞ የመጨረሻው ውጤት 11 ሜትር ሆነ። ከዚህ ጋር አንድ ልማድ ተጨመረ፦ ባጃጅ ወይም ሚኒባስ ከፊት ባለ ቁጥር የቀኝ እጅ ሁለት ጣት ማንሻው ላይ ያርፋል፣ ሳይጭን። ለማሰቢያ ከሚያልፈው ሰከንድ ላይ ጥቂት የሚቆርጠው ይህ ነው።

አሸዋ ላይ ይህ ሁሉ አይሠራም። አሸዋ ላይ ከመግባት በፊት ቀጥ ባለው ደረቅ ክፍል ፍጥነት ይጣላል፣ ከዚያ ያለ ፍሬን፣ ያለ ጋዝ መጨመር፣ መሪ ሳይጠመዝዙ ማለፍ ነው። ግዴታ ከሆነ የኋላው በቀላሉ ይነካል።

የደንገጎ ቁልቁለትም በልምምዱ ወቅት ሌላ ነገር አሳየ። ሐረር ደርሶ ሲመለስ የፊቱን አዲስ ፍሬን ወድዶ መውረጃውን በሙሉ በፍሬን ወረደ፤ ከግማሹ በኋላ ማንሻው እየላላ ወደ እጀታው ተጠጋ። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ ሸራውም መያዝ ይሰንፋል። ቆሞ እስኪበርድ ጠበቀ፤ ውኃ አልደፋበትም፣ ይህም ትክክል ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚወርደው በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ በሞተሩ ኃይል ነው፤ ፍሬን የሚይዘው ከመታጠፊያው በፊት ጠንከር፣ አጠር አድርጎ ነው፣ በመሀል እንዲበርድ ይለቀዋል።

ያልሠራው

መጀመሪያ የወሰደው እርምጃ «ከእንግዲህ ቀስ እላለሁ» ማለት ነበር። አራት ቀን ቆየ። «ቀስ» መለኪያ የለውም፤ በተረጋጋ ቀን የሚባለው «ቀስ» በሚቸኩሉበት ቀን ይረሳል። የሠራው በቁጥር የተቀመጠው ነው፦ ባጃጅ በሚቆምበት መንገድ ላይ ከ30 በላይ የለም፤ ከፊት ያለው መኪና አንድ የኒም ጥላ ካለፈ በኋላ «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት» ሳይባል እዚያ ጥላ መድረስ የለም።

ክላክስ ማብዛትም ተሞክሮ ቀረ። ሁሉ ክላክስ በሚያደርግበት ከተማ የሚሰማው የለም። ከዚህ የከፋው ደግሞ ክላክስ ያደረገ ሞተረኛ «ሰምቶኛል» ብሎ ፍጥነቱን አለመቀነሱ ነው፤ በደብተሩ ሁለት ግቤት የመጡት በዚህ ነው።

ከፍ ያለ ብርሃን ያለው መብራት ገዝቶ አስገጠመ። አቅጣጫው ስላልተስተካከለ ከፊት የሚመጣውን ያሳውራል፤ ከአሥር ቀን በኋላ አስወልቆ የራሱን መለሰና ቀን ቀን አብርቶ መሄድ ጀመረ።

ጓደኛው ከኋላው በሞተር ተከትሎ እንዲታዘበውም አደረገ። በታዘበው ቀን አንድም ስህተት አልታየም፤ ሰው እያየው ጥሩ ነዳ። ከዚህ ይልቅ የጠቀመው ጓደኛው ደብተሩን ማንበቡ ነበር። «በአራቱ ግቤት ላይ ‘ከጎኑ ነበርኩ’ ይላል፤ ለምን ሁልጊዜ ከጎን ትሆናለህ?» ብሎ ጠየቀው። ከባጃጅ ጎን ተደርቦ መሄድ ልማዱ መሆኑን እስከዚያ አላወቀም ነበር።

ማታ ቤት ገብቶ መጻፍም አልሆነለትም፤ ግማሹ ይረሳል፣ የቀረው ደግሞ ወደ እሱ እያደላ ይመጣል። ዕቃ በሚያራግፍበት ጊዜ ለስልኩ በድምፅ መናገርና ማታ መገልበጥ ይሻላል።

ሌላ ሞተረኛ ሊወስደው የሚችለው

ደብተር ለመጀመር መውደቅ አያስፈልግም፤ ለጥቂት ከተረፉበት የመጀመሪያው ቀን መጀመር ይቻላል። ከሁሉ በፊት ግን የፍሬን ሸራውን አውጥቶ ማየት ይቅደም። ሰው ስለ አነዳዱ የሚናገረው ሊሳሳት ይችላል፤ የፊቱና የኋላው ሸራ ውፍረት ግን ማን የትኛውን ፍሬን እንደሚይዝ ሳያዳላ ይናገራል። የፊቱ እንደ አዲስ ሆኖ የኋላው ካለቀ፣ ያ ሞተረኛ ድንገት ሲመጣበት የሚያደርገው ከወዲሁ የታወቀ ነው።

ሁለተኛ፣ ባጃጅ ቀስ ሲል መቅደም ይቅር። ቀስ ያለ ባጃጅ ወይ ይቆማል ወይ ይዞራል፤ የትኛው እንደሆነ የፊት ጎማው እስኪናገር ከኋላው መቆየት አምስት ሰከንድ ቢወስድ ነው። ማሳለፍ ካስፈለገም ሹፌሩ በስፖኪዮው ዓይኑ ሲታይ ነው፤ ዓይኑ ካልታየ እሱም አያይም።

ቀጣሪዎችም ከዚህ የሚወስዱት አለ። ዕቃ አድራሽን በደቂቃ የሚያቻኩል አሠሪ ደብተሩ ላይ ከተመዘገቡት ግቤቶች ውስጥ ድርሻ አለው። በዚህ ጉዳይ ሰዓቱን በመለወጥ የተገኘው ለውጥ ከብዙ ምክር በልጧል።

አሁን ያለበት

ከወደቀ ስምንት ወር ሆኗል፤ ከዚያ ወዲህ እንደገና አልወደቀም። ደብተሩ አሁን በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ግቤት ይይዛል፤ አብዛኛው ከፀሐይና ከአሸዋ ጋር የተያያዘ ነው። ሄልሜቱን ይቆልፋል፤ ለሙቀቱ ስስ የጥጥ ጨርቅ በውኃ ነክሮ ከሥሩ ያደርጋል። ሸበጡን ትቷል።

ያልተፈታው ሰው ማፈናጠጥ ነው። ሰው ሲፈናጠጥ ሞተሩ ይከብዳል፣ ታምቡሩም የበለጠ ጭመቃ ይፈልጋል፤ የተፈናጠጠው ሰው ደግሞ ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት እየገፋ ክብደቱን በሞተረኛው እጅ ላይ ይጥላል። ልምምዱ ሁሉ የተደረገው ለብቻ ስለሆነ ያገኛቸው ሜትሮች ለዚህ አያገለግሉም። የኋላው ጎማ 32 ተሞልቶ፣ ጓደኛው ሄልሜትና ጓንት አድርጎ ታንኩን በእጁ እየደገፈ፣ ከ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ጀምሮ እንደገና መለካት አለበት። እስኪለካ ድረስ እህቱን ገበያ የሚያደርሳት በባጃጅ ነው።